ማን ማንን ያገለግላል?

በባዕድ ከተማ የሚማሩ ልጆቻችንና የአገልግሎታቸው ነገር

በምንኖርባቸው አገሮች የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ለአንድ ሴሚስተር ወይም ለአንድ ዓመት ወደ ሌላ አገር እየላኩ ማስተማር ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗል። በስደት የተወለዱት ልጆቻችንም ዛሬ የዚህ ዕድል ተካፋዮች ናቸው። አንዳንዶቹ ከአሜሪካ ተነሥተው ወደ ለንደን ይሻገራሉ፤ ሌሎቹ ወደ ናይሮቢ ወይም ወላጆቻቸው ተሰድደው ወደ ወጡባት አዲስ አበባ ይሄዳሉ። በነዚህ ታላላቅ ከተሞች የሚጠብቃቸው ትምህርት በክፍልና በቤተ መጻሕፍት ብቻ የተወሰነ አይደለም። ተማሪው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ወደ አንድ የሰፈር ድርጅት ሄዶ እንዲያገለግል፣ ያየውንና የሰማውንም በደብተሩ እየመዘገበ ከመምህሩ ጋር እንዲመረምር የሚያዝዙ መርሐ ግብሮች አሉ። አረጋውያን በሚውሉበት ቤት ምሳ ያቀርባል፤ ለስደተኞች ቋንቋ ያስተምራል፤ ሕፃናትን ያስጠናል። ፈረንጆቹ ይህን «ሰርቪስ ለርኒንግ» ይሉታል። እኛ «በአገልግሎት መማር» ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም።

ነገሩ ሲሰሙት መልካም ነው። ሆኖም ሁለት ዓይነት ቅሬታ ይነሣበታል። የመጀመሪያው የወላጆች ነው። «ልጄን የላክሁት እንዲማር ነው እንጂ የሰው ሳህን እንዲያጥብ አይደለም፤ ሳህኑንማ እኔ በስደት አጥቤ ጨርሼለታለሁ» የሚሉ አሉ። ሁለተኛው ቅሬታ ከዚህ ይጠልቃል። የአንድ ሰው ችግር ለሌላው ሰው ልጅ የመማሪያ መጽሐፍ ሊሆን ይገባዋልን? ለሰጠው ሰዓት ማርክ የሚያዝለት ተማሪ አገለገለ ይባላል ወይስ ተገለገለ? በዚህ ጽሑፍ በይበልጥ የምንመረምረው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ የወላጆቹም ቅሬታ በዚያው መንገድ መልሱን እንደሚያገኝ እናምናለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ነገሩ ከየት ተነሣ?

ተማሪን ከመማሪያ ክፍሉ አውጥቶ ወደ ተቸገረ ሰፈር መላክ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1884 በምሥራቅ ለንደን፣ ዋይትቻፕል በሚባለው ሰፈር፣ ቶይንቢ ሆል የተባለ ቤት ተከፈተ። መሥራቾቹ በዚያው ሰፈር የደብር አገልጋይ የነበሩት ቄስ ሳሙኤል ባርኔትና ባለቤታቸው ሄንሪኤታ ናቸው። የቤቱም ስም ከአንድ ዓመት በፊት ገና በ30 ዓመታቸው ላረፉት ለኦክስፎርዱ መምህር ለአርኖልድ ቶይንቢ መታሰቢያ ሆነ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ወጣቶች በዚያ ቤት እያደሩ የሰፈሩ ጎረቤት እንዲሆኑ፣ ማታ ማታ እንዲያስተምሩ፣ የድኅነቱንም ምክንያት በቅርብ እንዲመረምሩ ነው። ምጽዋት ሰጥቶ ወደ ሞቀ ቤቱ የሚመለስ ለጋስ አልተፈለገም።

ከዚያ ቤት ያለፉት ሰዎች ታሪክ ብዙ ያስተምራል። ዊልያም ቤቨሪጅ ከ1903 እስከ 1905 በቶይንቢ ሆል ሠርተዋል፤ በ1942 ያቀረቡትም ሪፖርት የብሪታንያ የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት መሠረት ሆኗል። ክሌመንት አትሊም የቤቱ ጸሐፊ ሆነው ካገለገሉ በኋላ ከ1945 እስከ 1951 የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። እንግዲህ ዋይትቻፕል ከነዚህ ወጣቶች ምን አገኘች ብለን ስንጠይቅ፣ ወጣቶቹስ ከዋይትቻፕል ምን አገኙ ብለን መጠየቅም ግድ ይሆንብናል። ያ ድኃ ሰፈር ለአገር መሪዎች መምህር ሆኗልና።

አሜሪካዊቷ ጄን አዳምስ ይህን ቤት በ1888 ጎበኙ። በሚቀጥለውም ዓመት ከጓደኛቸው ከኤለን ጌትስ ስታር ጋር በቺካጎ ከተማ ሐል ሐውስ የተባለውን ቤት መሠረቱ። አዳምስን በዚህ ጉዳይ ላይ በተለይ የምናከብራቸው ስለ ቅንነታቸው ነው። በ1892 ባደረጉት ንግግር እንዲህ ያለው ቤት የሚያስፈልገው ለተቸገረው ሰው ብቻ እንዳልሆነ አስረዱ። የተማረው ወጣትም ያስፈልገዋል፤ ዕውቀቱ ከሕይወት ተለይቶበት፣ የሚረባበት ቦታ ጠፍቶበት ይጨነቃልና። ይህን በግልጽ የሚናገር አገልጋይ ጥቂት ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1896፣ አዳምስ ሩሲያ ሄደው ታላቁን ደራሲ ሌዎ ቶልስቶይን አገኙ። ቶልስቶይ ሰፊውን የቀሚሳቸውን እጅጌ ይዘው ጎተት እያደረጉ፣ ይህ ጨርቅ ለአንዲት ሕፃን ልብስ እንደሚበቃ ነገሯቸው። አዳምስ ነገሩ ልባቸውን ስለ ነካው፣ ወደ ቺካጎ ሲመለሱ በየማለዳው ሁለት ሰዓት ያህል በቤቱ ዳቦ ጋገራ ላይ ለመሥራት ቆረጡ። ነገር ግን ከቤታቸው ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ባለጉዳይ ብዛት፣ ያልተከፈተው ደብዳቤ ክምር ሐሳባቸውን አስለወጣቸው። የራሳቸውን ኅሊና ለማሳረፍ ሊጥ ሲያቦኩ የተቸገረው ሰው በር ላይ ቆሞ ሊጠብቅ መሆኑን ተረዱ። ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ አገልጋይ ከምቾት ፈተና ቢያመልጥ እንኳ ራስን የማጽደቅ ፈተና እንደሚጠብቀው ነው። ዳቦው የሚጋገረው ለማን ነው? ለተራበው ነው ወይስ ለጋጋሪው ነፍስ?

ለ. በሜክሲኮ የተሰማ ተግሣጽ

ይህን ጥያቄ እስከ መጨረሻው የገፉት ኢቫን ኢሊች ናቸው። ኢሊች በ1926 በቪየና የተወለዱ ካቶሊካዊ ቄስ ሲሆኑ፣ በሜክሲኮ ኩዌርናቫካ በተባለች ከተማ ወደ ላቲን አሜሪካ ለሚላኩ ሚስዮናውያን ቋንቋ የሚያስተምር ማዕከል ይመሩ ነበር። ሚያዝያ 20 ቀን 1968 በሜክሲኮ መንደሮች ክረምቱን ሊያገለግሉ የተዘጋጁ የሰሜን አሜሪካ ተማሪዎች ንግግር እንዲያደርጉላቸው ጋበዟቸው። ኢሊች ግን በማመስገን ፈንታ ገሠጿቸው። የሕዝቡን ቋንቋ አታውቁም፤ የምታመጡለት የራሳችሁን የአኗኗር ልማድ ነው፤ በጎ ፈቃዳችሁም ብቻውን ከጉዳት አያድነውም አሏቸው። መርዳት ግድ ከሆነባችሁም በገዛ አገራችሁ፣ አንፈልጋችሁም ብሎ ፊት ለፊት ሊያባርራችሁ በሚችል ሰው መካከል ሥሩ ሲሉ መከሩ። ለጉብኝትና ለትምህርት የሚመጣውን እንደሚቀበሉ፣ ረዳት ነኝ ብሎ የሚመጣውን ግን እንደማይቀበሉ ተናግረው ንግግራቸውን ፈጸሙ።

ይህ ተግሣጽ የመረረ ቢሆንም በውስጡ አንድ ታላቅ እውነት አለ። እምቢ ለማለት የማይችል ሰው የሚቀበለው እርዳታ ስጦታ አይደለም። አንድ የሜክሲኮ ገበሬ ከደጁ የቆመውን የውጭ አገር ተማሪ ሂድልኝ ማለት ይከብደዋል፤ እንግዳ ተቀባይነቱ ይይዘዋል፤ ከተማሪው በስተኋላ ያለውንም ገንዘብና ሥልጣን ይፈራል። ስለዚህ ፈገግ ብሎ ይቀበላል። ተማሪውም ፈገግታውን እንደ ምስጋና ቈጥሮ በደብተሩ ይጽፈዋል።

ይሁን እንጂ የኢሊች ምክር በአንድ በኩል የጎደለው ነገር አለ ብለን እናስባለን። ለመማር የመጣው እንግዳ ምንም የማይወስድ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የሰውን ኑሮ አይቶ፣ ታሪኩን ሰምቶ፣ ኀዘኑን በወረቀት ጽፎ የሚሄድ ሰው ወስዷል። በተጨባጭም ያተርፍበታል፤ ማርክና ዲግሪ ያገኝበታልና። ወስዶ ምንም ሳይመልስ ከሄደ፣ አበው «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ያሉት በእርሱ ላይ ይፈጸማል። እንግዲህ ከሰው ኑሮ የሚማር ሁሉ ባለ ዕዳ ነው። ይህን ከተቀበልን የአገልግሎት ትርጉም ይለወጣል። ተማሪው በባዕድ ከተማ የሚሰጠው አገልግሎት ለድኃው የተደረገ ችሮታ መሆኑ ይቀርና ስለ ተማረው ትምህርት የሚከፍለው ዕዳ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ይህ ነው።

ሐ. በአገራችን የነበረው

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። የቆሎ ተማሪውን እናስታውስ። ቅኔ ለመማር ወደ ዋሸራ፣ ድጓ ለመማር ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም ለመማር ወደ ጎንደር ከተማ የሚሄደው ልጅ ከወላጆቹ ርቆ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ ነው። ዘመድ በሌለበት አገር «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ወደ ደጅ ሲዞር ገበሬው ከማዕዱ ከፍሎ ይሰጠዋል። ይህ ልጅ ረዳት ሆኖ ወደ መንደሩ አልገባም፤ ተረጂ ሆኖ እንጂ። የሰው እጅ ማየት ምን እንደሆነ፣ የውሻ ጩኸትና የእመቤቲቱ ርኅራኄ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ለመምህሩ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፤ ለታናናሾቹ ፊደል ያስቈጥራል፤ ማንበብ ለማይችለው ገበሬ ደብዳቤ ያነብባል፤ በደብሩ ይቀድሳል። አገልግሎቱ የሚጀምረው ከመቀበል ስለሆነ በማንም ላይ አይኰራም። የበላውን እንጀራ ያውቃልና።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ የተማሪ አገልግሎት ሌላ መልክ ያዘ። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የተባለውን ሥርዓት መሠረተ። ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በአገልግሎት እንዲያሳልፍ ታዘዘ፤ አብዛኛውም በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች በመምህርነት ተመደበ። ብዙ የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤት በዚህ መምህር አግኝቷል፤ ብዙ የከተማ ልጅም አገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አይቷል። በ1974 መጨረሻ ደርግ ያወጀው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ደግሞ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ላከ። ከዚህ ጉባኤ ምእመናን መካከል የዘመቻውን ልብስ የለበሱ አሉና ዝርዝሩን ለነርሱ እንተዋለን። ፊደል ያስቈጠረ፣ ጉድጓድ የቈፈረ፣ ከገበሬው ጋር በረሃብም በጥጋብም የዋለ ወጣት በመካከላቸው ብዙ ነበር፤ ለእርሱ ክብር ይገባዋል። የተላከበት ቃል ግን «ማንቃት» የሚል ነበር። ሌላውን ሊያነቃ የሚሄድ ሰው ያ ሌላው ሰው ተኝቷል ብሎ አስቀድሞ ፈርዷል። የቆሎ ተማሪው በገበሬው ደጅ ቆሞ ሲለምን፣ ዘማቹ በዚያው ደጅ ቆሞ ያዝዝ ነበር። ሁለቱም ወጣቶች ናቸው፤ ሁለቱም ከቤታቸው የራቁ ናቸው፤ የሚለያቸው በበሩ ፊት የቆሙበት አኳኋን ነው።

መ. ታላቁ ከተማ የሚያስተምረው

ወደ ለንደን የሚሄደው ልጃችን እንግዲህ በየትኛው አኳኋን ይቁም? ከተማው ራሱ ይህን ሊያስተምረው ይችላል። ከቶይንቢ ሆል ብዙ ሳይርቅ፣ ብሪክ ሌን በተባለው መንገድ ላይ፣ አንድ የጸሎት ቤት አለ። በ1743 የሠሩት ከፈረንሳይ በሃይማኖታቸው ምክንያት የተሰደዱ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። በ1819 የሜቶዲስቶች ሆነ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከሩሲያ ግዛት ሸሽተው የመጡ አይሁድ ምኵራብ አደረጉት። ከ1976 ጀምሮ ደግሞ ከባንግላዴሽ የመጡ ሙስሊሞች መስጊድ ነው። ግድግዳው አንድ ነው፤ በውስጡ የጸለዩት ስደተኞች ግን በየዘመኑ ተለዋውጠዋል። በእንዲህ ያለ ሰፈር አስተናጋጁ ሁሉ የትናንት እንግዳ ነው። ይህን ያስተዋለ ተማሪ «እኔ ሰጪ፣ እነርሱ ተቀባይ» ብሎ ለማሰብ ይቸግረዋል።

አሠራሩንም ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ሴሚስተር ወደ 15 ሳምንት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተማሪው ለተመደበበት ድርጅት ጥቅም ሳይሆን ሸክም ነው። መንገዱን አያውቅም፤ የሰዉን አነጋገር በሚገባ አይሰማም፤ ከሕፃናት ጋር እንዲሠራ ከተፈለገም በብሪታንያ ሥርዓት መሠረት አስቀድሞ የወንጀል መዝገብ ማጣራት ይደረግበታል። ሥራውን የሚያሳየው የድርጅቱ ሠራተኛ ከራሱ ሥራ ሰዓት ቈርሶ ነው። ተማሪው ሥራውን ለምዶ የሚረባ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ሴሚስተሩ ያልቅና ይሄዳል። ያስጠናው የነበረው ሕፃን ከለመደው በኋላ ያጣዋል። ይህ ሁሉ ወጪ ነው፤ የሚከፍሉትም ተማሪው ላገለግላቸው መጣሁ የሚላቸው ሰዎች ናቸው።

ስለ አረጋውያንም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ አንድ ልጃችን በአረጋውያን መዋያ ምሳ እንዲያቀርብ ተመደበ እንበል። ከፊቱ የተቀመጡት አሮጊት በ1960ዎቹ ከካሪቢያን ደሴቶች መጥተው በሆስፒታል ነርስነት ዕድሜያቸውን የፈጸሙ ሊሆኑ ይችላሉ። የዚያችን ከተማ ሕሙማን ሲያገላብጡ ኖረዋል፤ በቆዳቸው ምክንያት ቤት መከራየት የከለከላቸውንም ሰው ጭምር አስታመዋል። ልጃችን አንድ ሳህን ሾርባ ያቀርብላቸዋል፤ እርሳቸው ደግሞ ስደት ሰውን እንዴት እንደሚያጠናና እንደሚያደክም ይነግሩታል፤ ምናልባትም የገዛ እናቱ ያልነገረችውን። በዚያ ማዕድ ላይ ማን ማንን አገለገለ?

ወደ ወላጆቹ ቅሬታ የምንመለሰው በዚህ ነው። እናንተ ሳህን ያጠባችሁት ኑሮ አስገድዷችሁ ነው፤ ልጃችሁ ግን ከ15 ሳምንት በኋላ ትቶት ይሄዳል። ልዩነቱ ይህ ነውና ልጁ ይህን ልዩነት እንዲያውቅ ያስፈልገዋል። ሥራው አያዋርደውም። የሚያዋርደው በእናቱና በአባቱ እጅ ላይ ያለውን ታሪክ ሳያውቅ ተምሬአለሁ ብሎ መመረቁ ነው።

ሠ. መመዘኛው

እንግዲህ ልጆቻችን ወደ እንዲህ ያለ መርሐ ግብር ሲገቡ ምን ብለው ይጠይቁ? ከዚህ አሠራር ጀማሪዎች አንዱ የሆኑት አሜሪካዊው ሮበርት ሲግመን በ1979 ሦስት መርሖችን አቅርበው ነበር። አገልግሎቱን የሚቈጣጠሩት ተገልጋዮቹ ይሁኑ፤ በአገልግሎቱ የተነሣ ተገልጋዮቹ ራሳቸውን ለመርዳትና ሌላውን ለማገልገል ይበልጥ ይቻላቸው፤ የሚያገለግሉትም ተማሪዎች መሆናቸውን ይወቁ የሚሉ ናቸው። እኛም በዚሁ መንፈስ አራት ጥያቄዎች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ማን ጠራህ? ሥራው የታሰበው በዩኒቨርሲቲው ቢሮ ነው ወይስ በሰፈሩ ሰዎች? ሁለተኛ፣ አንተን የተቀበለህ ሰው «አይሆንም» ሊልህ ይችላልን? ሦስተኛ፣ አንተ ስትሄድ ምን ይቀራል? የጀመርኸውን የሚቀጥል ሌላ ተማሪ ወይም የሰፈር ሰው ከሌለ፣ የምትለያየውን ሕፃን ባታስለምደው ይሻላል። አራተኛ፣ ደብተሩ የማን ነው? የሰውን ታሪክ ስትጽፍ ፈቅዶልሃልን? ስሙን ሰውረሃልን? የጻፍኸውን በፊቱ ብታነብለት ታፍራለህን? ማርኩም የሚገባው ስለ ቈጠርኸው ሰዓት ሳይሆን ስላስተዋልኸው ነገር መሆኑን አትርሳ።

እነዚህ ጥያቄዎች ለልጆቻችን ብቻ አይደሉም። በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በር ከከፈተልን ጀምሮ ከእኛ ብዙዎች በሌላው ተማሪ ደብተር ውስጥ ስንጻፍ ኖረናል። እንግሊዝኛ ሊያስተምሩን፣ ፎርም ሊሞሉልን፣ አውቶቡስ ሊያሳዩን የመጡ ወጣቶች ነበሩ። ዛሬ በፍቅር የምናስታውሰው ማንን እንደሆነ ብንጠየቅ፣ ብዙ ዕቃ ያመጣልንን አይደለም። ቡናችንን ቁጭ ብሎ የጠጣውን፣ ስማችንን በትክክል ለመጥራት የደከመውን፣ «እናንተስ ምን ታስተምሩኛላችሁ?» ያለንን ነው። ዛሬም ደብተር ይዞ ወደ ደብራችን የሚመጣ ተማሪ ቢኖር በእነዚሁ አራት ጥያቄዎች እንቀበለው፤ የማይሆነውንም በትሕትና አይሆንም ለማለት አንፈር።

ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በላከው ደብዳቤ፣ የተሰደዱባትን ከተማ ሰላም እንዲሹ፣ ስለ እርስዋም እንዲጸልዩ አዝዟቸዋል። ምርኮኞቹ ለባቢሎን ለጋሶች እንዲሆኑ አልነበረም፤ የእነርሱ ሰላም በከተማይቱ ሰላም ውስጥ መሆኑን እንዲያውቁ ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስም ጌታው እግሩን ሊያጥበው ሲቀርብ እምቢ ብሎ ነበር። መታጠብ ከማጠብ ይልቅ ከብዶት ነበርና፤ አስቀድሞ ካልታጠበ ግን ከጌታው ጋር ዕድል እንደሌለው ተነገረው፣ የሌላውንም እግር እንዲያጥብ የታዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቻችንን ወደ ታላላቆቹ ከተሞች ስንሸኝ፣ ከስንቃቸው ጋር ይህን ምክር እንጨምርላቸው፦ በመጀመሪያው ሳምንት ለመስጠት አትቸኵሉ፤ የሚሰጧችሁን በምስጋና ተቀበሉ፣ ከማን እንደተቀበላችሁም ስሙን ያዙ፤ ከዚያም ዕዳችሁን ለመክፈል ተነሡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።